የገመዱ ግማሽ

ኅዳር ፱ ቀን

ልጄ ሆይ፣

ጤናዬን ለጠየቅሽው፣ ደኅና ነኝ። ስለ ምግቤ ለጠየቅሽው፣ አበስላለሁ፤ ያበሰልሁትንም እበላለሁ። ስልክ ለምን እንደማልይዝ ለሦስተኛ ጊዜ ለጠየቅሽው ግን መልሴ አልተለወጠም። ስልክ ላይ ሰው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ «እሺ፣ በቃ፣ ቻው» ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት ልጆች የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር እንዲጨርሱ ሳስተምር ኖሬ በስተርጅና ቁርጥራጭ መስማት አልፈልግም። የወተት መኪናው በየሐሙሱ ይመጣል፤ ሹፌሩም ደብዳቤ እንደ ወተት መንገድ ላይ እንደማይበላሽ አረጋግጦልኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ትናንት አንድ መጽሐፍ ይዞኝ ሳላስበው ረፈደ። ማክሰኞ የአንሶላ ቀን መሆኑን ታውቂያለሽ። ከላይኛው አጥር በኩል ጎረቤታችን ተጣሩ፤ የሆስፒታል አንሶላ ሠላሳ ዓመት አጥበው ጡረታ የወጡት፣ የመንደሩ ሰው «እትዬ ሳሙና» የሚላቸው እኚያው ሴት።

«ጋሽ ዲሬክተር! አሉ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«እንጃልዎ! ገመዱ ባዶ ሆነብኝ። ልደውልላት ቁጥሩን እየነካካሁ ነበር እኮ።»

«ለማን ነው የሚደውሉት?»

ይኼኔ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፤ ግን አንዴ አምልጧቸዋል።

ለካ ልጄ በገመዴ ላይ ዘበኛ አቁመሽበታል! እስከ ረፋድ ልብስ ካልተሰጣ ይደወላል፤ ሲደወል አንቺ ትመጫለሽ፤ መጥተሽም ከነሻንጣዬ ከተማ ወዳለው አራተኛ ፎቅሽ ታወጪኛለሽ። ሰባ ሦስት ዓመት ኖሬ በካልሲ እሰለላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ይህን ገመድ እናትሽ አንቺን በወለደችበት ዓመት ከጓዳው ግድግዳ እስከ ጥዱ ድረስ ወጠረችው። ሃያ ሁለት ርምጃ ነው። ከመሐል ደግፎ የሚያቆመውን ባላ ቆርጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በገመዱ ላይ የሠራሁት ሥራ ቢኖር ጎንበስ ብሎ ሥሩን ማለፍ ነው። እርሷ ካረፈች ወዲህ ግን ሳፋውም ባልዲውም የእኔ ሆነዋል። ሰኞ ሸሚዝ፣ ማክሰኞ አንሶላ፣ ረቡዕ ፎጣ፣ ሐሙስ ሱሪ፣ ዐርብ ካልሲና መሐረብ፣ ቅዳሜ የተረፈው። የትምህርት ቤቱ ደወል በዚህ መጠን ሰዓቱን ጠብቆ አያውቅም።

እንግዲያው እንዋዋል። ዘበኛሽ ትቆይ። ዝናብ እስኪገባ ድረስ፣ ከእሑድ በቀር፣ ይህ ገመድ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ያለ ክርክር ሻንጣዬን ይዤ ወዳንቺ እመጣለሁ። ባዶ ካልሆነ ግን ስለ መውጣቴ ሁለተኛ አይነሣ። ቃሌን ታውቂዋለሽ።

ባለቤትሽ እንዴት ነው? ካለፈው ክረምት ወዲህ በደብዳቤሽ ግርጌ የሚጽፋት ሰላምታ፣ ያቺ የመኪና ዘይት ያለባት የአውራ ጣቱ አሻራም ጭምር፣ ቀርታብኛለች።

አባትሽ


ኅዳር 21 ቀን

ለአባባ፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሰላይ አላቆምሁም ብዬ አልከራከርዎትም፤ አቁሜያለሁ። ሲቆጡ ድምፅዎ ከወረቀቱ ይሰማል፤ አንብቤ ስጨርስ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት።

ግን እኔንም ይረዱኝ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ስውል ከፊቴ የሚሰለፈው ሽማግሌ ሁሉ እርስዎን ይመስለኛል። አንዱ ሲያስል ዘወር እላለሁ። አንዱ የማዘዣ ወረቀቱን ሲያስጠጋ ሲያርቅ ባየሁ ቁጥር «መነጽሩን ቀይሮ ይሆን?» እያልሁ ስለ እርስዎ አስባለሁ። ቤት ገብቼም መቀመጥ አልችልም፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። እትዬ ሳሙና ሲደውሉልኝና «ገመዱ ሙሉ ነው» ሲሉኝ ያን ጊዜ ጫማዬን አወልቃለሁ።

ውሉን ተቀብያለሁ። ክፍልዎ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ነው።

ስለ ገመድ ካነሡ፣ እኔ ልብስ የማሰጣበትን ልንገርዎ። በረንዳ ላይ ክልክል ነው፤ የሕንፃው ጠባቂ አንድ ካልሲ ቢያይ እንኳ ደረጃውን ሁሉ እየጮኸ ይወጣል። ሳሎን ውስጥ በምትታጠፈዋ ማስጫ ላይ አደርቃለሁ። ቅዳሜ አጥባለሁ፤ አንዷ ማስጫ ትበቃኛለች። እስከ ሰኞ አይደርቅም፤ ሲደርቅም ያደረ ውኃ ይሸታል። የእኛ ቤት አንሶላ ፀሐይ ጠጥቶ ሲገባ የሚሸተውን ሽታ ለሥራ ባልደረባዬ ልነግራት ሞክሬ ቃል አጣሁለት።

ስለ ቤታችን የጠየቁኝን ሰፋ አድርጌ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ፤ አሁን ደንበኛ ቆሞብኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ ፯ ቀን

ልጄ ሆይ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርሽ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ ደንበኛ ቆሞብሽ መሆኑን ስለ ጻፍሽ ለዚህ ጊዜ አልፌዋለሁ።

ውኃውን እንዴት እንደማነሣ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ባልዲውን እስከ ግማሽ ሞልቼ ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ጎረቤታችን እንደዚያ ብለው ስላዘዙኝ ነው፤ እርሳቸው ዘንድ እኔ አሁንም አንደኛ ክፍል ነኝ። ባለፈው ሳምንት የሰቀልሁትን ሸሚዝ በአጥሩ ላይ አይተው፣

«ጋሽ ዲሬክተር፣ ያ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው በትከሻው የተሰቀለው?» አሉኝ።

«ሸሚዝ በምኑ ሊሰቀል ነው?»

«በግርጌው! መቆንጠጫው ትከሻው ላይ ጥርሱን ጥሎበት፣ ለብሰውት ሲወጡ ቀንድ ያበቀሉ ይመስላሉ።»

እውነታቸውን ነው። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንድ አብቅዬ ነው ገበያ የምወጣው፤ አንድም ሰው አልነገረኝም። አሁን ሸሚዙን ገልብጬ በግርጌው እይዛለሁ፤ ነፋሱ ከታች ገብቶ እጅጌዎቹን ሲነፋቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መሬት የሚወረወሩ ዋናተኞች ይመስላሉ።

ስለዚህ ኑሮ ላስረዳሽ እፈልጋለሁ፤ በአራተኛ ፎቅ ሆነሽ ችግር ብቻ ሳይመስልሽ አይቀርምና። ጠዋት ጤዛው ከሽንኩርቱ መደብ ላይ ሳይነሣ አለቀልቃለሁ። የመጨረሻው ውኃ ጥርት ብሎ የሳፋው ወለል ሲታይ፣ እርማት የማያስፈልገው የፈተና ወረቀት ያየሁ ያህል ልቤ ያርፋል። እጠመዝዛለሁ፣ አራግፋለሁ፣ ከግድግዳው ወደ ጥዱ እያልሁ በተራ አሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ልቤ አያርፍም። ደመና ባየሁ ቁጥር እወጣለሁ፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር እወጣለሁ፤ ምንም በሌለበትም እወጣለሁ። መጽሐፌን ሦስት ገጽ ሳላነብ ስድስት ጊዜ ገመዱ ዘንድ ደርሼ እመለሳለሁ። እናትሽ ይህን ሁሉ እያደረገች ለምን አልታየኝም ነበር? ሁልጊዜ ጓሮ ነበረች፤ እኔ ደግሞ «እስኪ ቁጭ በይ» እላት ነበር።

ለባለቤትሽ የሚሆን ምክር ይዣለሁ። ጎረቤታችን እንደሚሉት፣ የመካኒክ ቱታ ከመዘፍዘፉ በፊት ደረቁን እያለ ዘይቱ ያለበትን ቦታ በሳሙና አሽቶ ማሳደር ነው፤ ውኃ ቀድሞ ከነካው ዘይቱ አይለቅም። ሞክሪውና ውጤቱን ጻፊልኝ።

አባትሽ


ታኅሣሥ ፳፰ ቀን

ልጄ ሆይ፣

የእጅ ጽሑፌ መበላሸቱን ይቅር በይ። ጠረጴዛው ዘንድ ሳልሆን አልጋ ላይ ተደግፌ ነው የምጽፈው፤ ብርሃኑ እዚህ ይሻላል።

ገመዱ በየቀኑ ሙሉ መሆኑን ጎረቤታችን እንደ ነገሩሽ አልጠራጠርም። ዝቅ ማለቱንም ነግረውሽ ከሆነ እውነት ነው፤ ባላውን ለሌላ ሥራ ስለ ፈለግሁት ነው። በዚህ ሳቢያ ትንሽ ጉዳት ደርሷል፤ የጎረቤታችን ፍየል የሰማያዊ ሸሚዜን ግራ እጅጌ እስከ ክርኑ በልታዋለች። ከፍየሏ ጋር አልተጣላሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጎረቤታችን ወድቀው ዳሌያቸውን መትቷቸዋል። ክፉ አይደለም፤ ሆኖም ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ እንደ መጋዝ ይሰማቸዋል፤ ክንዳቸውንም ከትከሻቸው በላይ ማንሣት ተስኗቸዋል። ለእንዲህ ያለው የሚሆን ቅባት ብትልኪ መልካም ነው። እርሳቸው እንዲታወቅባቸው ስለማይፈልጉ በእኔ ስም ላኪው።

ስለ ቱታው አልጻፍሽልኝም። ሌላውንም አልጻፍሽልኝም። ሐሙስ ሐሙስ መኪናው ሲመጣ እስከ በሩ እወጣ ነበር፤ አሁን ግን ሹፌሩ ራሱ ይዞልኝ እንዲገባ ነግሬዋለሁ፤ እንዲለምድ ብዬ ነው።

አባትሽ


ጥር 4 ቀን

ለአባባ፣

ቅባቱንና የሚዋጠውን መድኃኒት በዚሁ መኪና ልኬያለሁ። ነገር ግን አዝናለሁ፣ ትእዛዝዎን በአንድ በኩል አፍርሻለሁ። ለእኔ ሲሉ በየጠዋቱ አጥር ዘንድ የሚቆሙልኝ ሴት ታመው፣ ልጅዎ በስውር ቅባት ልካ ዝም አለች ቢባል የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ጥቅሉን በስማቸው አድርጌ፣ «እግዜር ይማርዎ» የምትል አጭር ደብዳቤም አክዬበታለሁ።

መድኃኒት ሳይጠይቁ መስጠት ልማዴ ስላልሆነ ጥቂት ጥያቄዎችን ጽፌላቸዋለሁ። የመታቸው በቀኝ ነው በግራ? በዚያ ጎን መተኛት ይችላሉ? ሲራመዱ ምን ይደገፋሉ? ሲመታቸው ምን ያህል መሬት ላይ ቆዩ? መልሱን እርስዎ ዘንድ መጥተው እንዲነግሩዎትና እርስዎ እንዲጽፉልኝ ለምኛቸዋለሁ።

አባባ፣ እርስዎስ ደኅና ነዎት? ደብዳቤዎ አጭር ነበረች። አንዴ አንብቤ አጠፍኋት፣ ደግሜ ፈታኋት፣ ሥራ ቦታም ይዣት ሄድሁ። የፊደሎችዎ እግር ወደ ታች ያዘነብላል። እርስዎ ተማሪ እንዲህ ሲጽፍ «ቀና በል» ይሉ ነበር።

ልጅዎ


ጥር ፲፪ ቀን

ልጄ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባው ሰው ረጅም መግቢያ እንደሚጽፍ ከተማሪዎቼ ዐውቃለሁና፣ መግቢያዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጎረቤታችን ጥቅልሽን በአንድ እጃቸው፣ ደብዳቤሽን በሌላው ይዘው ገቡ። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ጋሽ ዲሬክተር፣ ዳሌዬ እንዴት አደረ?» አሉኝ።

ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበቴ ሳብሁት።

«ልጅዎ ‹በቀኝ ነው በግራ?› ብላኛለች። እኔ እንግዲህ ምን ዐውቄ? የትኛው ነው ያመመኝ?»

«ቀኙ» አልኋቸው።

ባዶ ሳፋ ገልብጠው ተቀመጡበትና እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፤ «ለመሆኑ መቼ ነው የወደቁት?» አሉኝ፤ በሕይወቴ እንዲያ ባለ ድምፅ የተጠየቅሁት በአባቴ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ ሃያ ነው፤ ማክሰኞ፣ የአንሶላ ቀን። ነፋስ ነበረ። ባላውን ቀና ላደርግ እጄን ስዘረጋ አንሶላው ተነፍቶ መጣና ፊቴን ሸፈነኝ፤ ወደ ኋላ ስል ሳፋው እግሬ ሥር ነበር። የቀረውን አልጽፈውም። ምን ያህል መሬት ላይ እንደ ቆየሁ ላቀረብሽው ጥያቄ ግን እመልሳለሁ፤ አንሶላው በላዬ እስኪደርቅ ድረስ።

በማግሥቱ ባላውን ምርኩዝ አደረግሁት። ገመዱ ዝቅ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ማጠብ ስላልቻልሁ፣ ከሳጥን ውስጥ ንጹሕና ደረቅ ልብስ እያወጣሁ ሰቀልሁ፤ ማታ ሰብስቤ፣ ጠዋት መልሼ ሰቀልሁ። እሑዶችን ሳልቈጥር ዐሥራ አራት ቀን። ለተማሪ ቢሆን ኖሮ ይህ ኩረጃ ይባላል።

«እርስዎ መቼ ዐወቁብኝ?» አልኋቸው ጎረቤታችንን።

«በመጀመሪያው ቀን ነዋ! እርጥብ ልብስ ይከብዳል፤ ውኃው ተንጠባጥቦ እስኪቀለው ነፋስ አይደፍረውም። የእርስዎ ግን ገና መቆንጠጫው ሲነካው ይበር ጀመር። ዶሮዎቼ እንኳ ጠብታውን ሊጠጡ መጥተው፣ ደረቅ መሬት ጭረው ተመለሱ።»

«ታዲያ ለልጄ ምን አሏት?»

«‹ገመዱ ሙሉ ነው› አልኋት። እርጥብ ነው አላልሁም።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«እስኪነግሩኝ ስጠብቅ ነዋ። ኩራትዎ የስንት ቀን ስንቅ እንደ ያዘ ማየት አማረኝ።» ከዚያ ደብዳቤሽን እያጣጠፉ፣ «ደግሞ ዝም ብዬስ መች ተቀመጥሁ? በዚያ ባላ እየተንፏቀቁ ሲወጡ፣ ቢወድቁ ብዬ አጥሩ ሥር ቆሜ ነው የማድረው... የምውለው» አሉ። ስሕተታቸውን ራሳቸው አረሙት እንጂ እኔ አላረምኋቸውም።

ልጄ፣ ገመዱ ባዶ አልሆነም፤ ነገር ግን ውሸት ተሰቅሎበታል፤ ይህ ባዶ ከመሆን የከፋ ነው። ውሉን ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ያፈረስሁትም እኔ። ስለዚህ ጥር ሃያ ሰባት ቀን ሐሙስ በወተት መኪናው እመጣለሁ። ሻንጣዬን አሰናድቻለሁ። ገመዱንም ፈትቼ ልጠቀልለው ሞክሬ ነበር፤ የእናትሽ ቋጠሮ አልፈታ አለኝ፤ በቢላዋ ለመቁረጥ እጄ እምቢ አለ። እንዳለ ይቅር።

ሻንጣውን ከዘጋሁ ወዲህ መቀመጫ አጥቻለሁ። ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጓዳው እልና ምን ፈልጌ እንደ ተነሣሁ እረሳለሁ። የሽንኩርቱን መደብ ሦስት ጊዜ ለጎረቤታችን አደራ ሰጠሁ፤ በሦስተኛው «ጋሽ ዲሬክተር፣ ሽንኩርት ነው እኮ፣ ወላጅ አልባ ልጅ አይደለም» አሉኝ።

ከመምጣቴ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አሁን የሚጠይቅሽ ልብስ የሚያጥብ ሰው ነውና በሚገባ መልሺ። አምና አንድ ቱታ ብቻውን ማስጫውን ይይዛል፣ ሁለት ማስጫም አልበቃን ብሏል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ዘንድሮ አንዷ ትበቃኛለች አልሽ። «ትበቃናለች» አላልሽም። ስለ ዘይቱ የጻፍሁልሽንም ምክር እንዳላየ አለፍሽው። ለመሆኑ ቱታው የት አለ? ለእኔ ያዘጋጀሽው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍልስ የማን ነበር?

የጀመርሽውን ዐረፍተ ነገር ጨርሺልኝ።

አባትሽ


ጥር 18 ቀን

አባባ፣

መኪናው ላይ አይውጡ። ይህን ከሁሉ በፊት ያንብቡ፤ ሹፌሩም እንዳያሳፍርዎት ነግሬዋለሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብሁት መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። አንሶላው በላዬ እስኪደርቅ የሚለው ላይ ስደርስ ከፊት «እህት፣ ሰው የለም?» እያሉ ይጠሩ ነበር። ተነሥቼ አስተናገድሁ። ምን እንደ ሰጠሁ ስላላስታወስሁ፣ ማታ የማዘዣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አመሳከርሁ። አልተሳሳትሁም። እጄ እኔ ሳልኖር ይሠራል ማለት ነው፤ ከነሐሴ ጀምሮ እንዲያ ነው።

ዐረፍተ ነገሩን ልጨርስልዎ። ባለቤቴ በነሐሴ መጨረሻ ሄደ። ሌላ ከተማ የተሻለ ጋራዥ አገኘሁ አለኝ፤ ለሁለት ወር ነው አለኝ። ቱታዎቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጣጥፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በመስከረም «ባልመለስ ይሻላል» የሚል መልእክት በስልክ ላከልኝ። አንድ መስመር ነው፣ ነጥብ እንኳ የለውም። ስልክን በተመለከተ ልክ ነበሩ።

ክፍሉ መሣሪያዎቹን የሚያስቀምጥበት ነበር። ወለሉን ሦስት ጊዜ ፈተግሁት፤ የዘይቱ ክብ አልለቅ አለ፤ ምንጣፍ ጣልሁበት። ከዚያ እርስዎን አምጥቼ እዚያ ላስቀምጥ ፈለግሁ። ለሰው ሁሉ «አባቴ አርጅቷል፣ ብቻውን መኖር አይችልም» እላለሁ። አባባ፣ ብቻዬን መኖር ያቃተኝ እኔ ነኝ። ለምን አልነገርሽኝም እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። ብነግርዎ፣ ሁሉን ትተው በማግሥቱ ይመጡ ነበር፤ ቤታችሁን ያስጣልኋችሁ እኔ እሆን ነበር፣ እርስዎንም እማማንም። ባልነግርዎ ደግሞ፣ መምጣትዎ በእርጅናዎ ይመካኝልኝ ነበር። ሁለቱን ሳወጣ ሳወርድ አራት ወር ሄደ።

ስለዚህ ውሉን ያፈረሱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኔም በየሳምንቱ ደረቅ ልብስ ስሰቅልልዎ ነበር፤ እርስዎ በገመድ፣ እኔ በወረቀት። ከቤትዎ አላወጣዎትም። ሻንጣውን ይፍቱት።

የምመጣው እኔ ነኝ። የስድስት ሳምንት ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ የካቲት 4 በወተት መኪናው እደርሳለሁ። እስከዚያ ሐኪም ሳያይዎ አንድ ባልዲ እንዳያነሡ፤ ለእትዬ ሳሙና ደውዬ ይህን በጥብቅ ነግሬያቸዋለሁ፣ እርሳቸውም «ፍየሏን በሩ ላይ አስርላቸዋለሁ» ብለውኛል።

በታችኛው ከተማ ያለው ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ባለሙያ ይፈልጋል መባሉን ሰምቻለሁ። ማመልከቻ ጽፌ አልላክሁትም። ይዤው እመጣለሁ፤ ያዩልኛል። ከዚያ ወዲያ ስላለው ገና አላውቅም፤ እንድወስን አይጫኑኝ።

ልብሴን እዚህ አላጥበውም። እንደ ቆሸሸ ይዤው እመጣለሁ።

ልጅዎ


ጥር ፳፮ ቀን

ልጄ ሆይ፣

ስለ ዳሌዬ ለጠየቅሽው፦ ሰኞ ሐኪም አየኝ። አጥንት አልተሰበረም። ተሰነጣጥቆ ቢሆን ኖሮ በባላ ተደግፌ በመሄዴ ይቆጣኝ እንደ ነበር ነግሮኝ፣ ባይሰነጠቅም ተቆጣኝ። ጎረቤታችን አብረውኝ ገብተው ስለ ነበር፣ ጥያቄው ለእኔ ሲቀርብ መልሱን እርሳቸው ይሰጡ ነበር። ቅባቱን ጠዋትና ማታ እጠቀማለሁ። ጥቅልሽ በስማቸው ስለ መጣ፣ ግማሹን ቅባት ለጉልበታቸው ወስደዋል።

ስለ ባለቤትሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ። የምለውን ነገር ሳላገኝ ወጥቼ ገመዱ ሥር ቆምሁ። ሳገኝ እነግርሻለሁ፤ ባላገኝም አትቀየሚኝ። እናትሽ ብትኖር በዚያች ሰዓት ሳፋ ወደሚገኝበት ትሄድ ነበር እንጂ ወደ ቃል አትሄድም ነበር።

ማመልከቻሽን ይዘሽ ነዪ። አያለሁ፤ አልጫንሽም። በሥርዓተ ነጥቡ ላይ ብቻ እጫናለሁ።

ጎረቤታችን የባለቤታቸውን ከዘራ ስላዋሱኝ ባላው ወደ ቦታው ተመልሷል። ገመዱ ቀና ብሏል። አሁን ትልልቁን እርሳቸው ያጥቡልኛል፤ እኔ ተቀምጬ ካልሲና መሐረብ አለቀልቃለሁ፤ ፍየሏ በር ላይ ታስራ ትጠብቀኛለች። ከአንሶላ ወደ መሐረብ ዝቅ ተደረግሁ ማለት ነው። ሻንጣዬን ፈትቻለሁ፤ ውስጡ የነበረው ልብስ ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም እንደ ገና አሳጥቤ እርጥቡን አሰጣሁት። ዶሮዎቹ መጥተው ጠጡ።

የካቲት አራት ገና ስምንት ቀን ቀርቶታል። ዛሬ በሩ ድረስ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሐሙስ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ።

ስትመጪ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ። ከጥዱ በኩል ያለውን የገመዱን ግማሽ፣ ዐሥራ አንድ ርምጃ፣ ባዶ ትቼዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ልብሴን ሁሉ ወደ ግድግዳው በኩል አጠጋግቼ ነው የማሰጣው። ጎረቤታችን ዛሬ ረፋድ ላይ በአጥሩ ብቅ አሉና፣

«ጋሽ ዲሬክተር! ግማሹ ባዶ ነው። ልደውል?» አሉኝ።

«ይደውሉ» አልኋቸው። «ቦታ አለ ይበሏት።»

አባትሽ